የጓሮ ተክልና አቆራረጡ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው ሐዋሳን ካለፈ በኋላ ዲላ ይደርሳል። ዲላ የጌዴኦ ዞን ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ ሲቀጥል ተራራውና ሸለቆው ሁሉ በቅጠል ተሸፍኖ ያያል። አገሩን የማያውቅ እንግዳ «ይህ ሁሉ ዱር የማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ዱር የመሰለው ግን የሰው ጓሮ ነው። ከቅጠሉ ሥር ቤት አለ፤ ከቤቱም ጭስ ይወጣል፤ እንሰቱንም ቡናውንም የተከለ የሰው እጅ ነው።

ጌዴኦዎች ጓሮአቸውን የሚተክሉት ደርብ በደርብ ነው። ከሁሉ በላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላ ይሰጣሉ፤ ከእነርሱ በታች እንሰትና ቡና ይቆማሉ፤ ከእነዚህም በታች ጎመን፥ ዱባ፥ ጎደሬና ቦዬ ይበቅላሉ። ምድሩ ቁልቁለት ስለ ሆነ ራቁቱን ቢቀር የክረምት ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ወንዝ ባወረደው ነበር። ነገር ግን ዝናሙ አስቀድሞ በዛፉ፥ ቀጥሎም በሰፊው የእንሰት ቅጠል ላይ ስለሚያርፍ መሬት የሚደርሰው ኃይሉ ደክሞ ነው። የረገፈውም ቅጠል በስብሶ ፍግ ይሆናል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጥበቡ ግን ከመዝገቡ እጅግ የቀደመ ነው።

ከተክሎቹ ሁሉ የቤቱ ምሰሶ እንሰት ነው። መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ ዘመዱም ነው፤ የሚበላው ግን ፍሬው ሳይሆን ግንዱና ሥሩ ነው። በሰሜን አገር ያሉ ሰዎች ኮባ ብለው የሚያውቁት በቅጠሉ ዳቦ ስለሚጋግሩበት ነው። ዱር በቀል እንሰት በሌሎች የአፍሪቃ አገሮችም ይገኛል፤ ለምግብ ብሎ በጓሮው ያለማው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ነው።

ገበሬው ቡቃያ ሲፈልግ አንድ ለጋ እንሰት ይመርጥና ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ይቆርጠዋል። በመካከል ያለውን እምቡጥ አውጥቶ ቦታውን በአፈር ይሞላዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በተቆረጠው ሥር ዙሪያ ብዙ ቡቃያ ይወጣል። ቡቃያውም እየተነቀለ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዛወራል፤ ለመብል የሚደርሰው ከ4 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ እንደ ቡሌ ባለው ብርዳም ደጋ ደግሞ ይዘገያል። እንግዲህ የሰባት ዓመት ልጅ ዛሬ የሚቆርሰው ቆጮ እርሱ በተወለደበት ዓመት ከተተከለው እንሰት ሊሆን ይችላል።

ጊዜው ሳይደርስ የተቆረጠ እንሰት የሚሰጠው ምግብ ጥቂት ነው። አብቦ ሳይቆረጥ የቆየውም ኃይሉን ለፍሬው ሰጥቶ ይሞታል። የደረሰውን የሚያዘጋጁት ሴቶች ናቸው፤ ሥራውም ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ግንዱን በሰሌዳ ላይ አስደግፈው በተሳለ ቀርከሃ ይፍቁታል፤ ሥሩን ይከተክቱታል። ከሚጨመቀው ውኃ የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ቡላ ይባላል። የቀረውን በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ቀብረው ያብላሉታል፤ በዚያም ለብዙ ወራት ሳይበላሽ ይቆያል። ከግንዱ የተፋቀው ቃጫ ደግሞ ገመድ ሆኖ ለገበያ ይወጣል። ቆጮ ለሥራ ኃይል ይሰጣል፤ ሰውነትን የሚገነባው ነገር ግን በእርሱ ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ ከጎመን፥ ከባቄላ፥ ከአይብም ጋር መብላት ያስፈልጋል። ቆጮ ብቻ የሚበላ ሕፃን ሆዱ ቢጠግብም አካሉ ይጎዳል።

የጎመኑም አወሳሰድ ዕውቀት አለው። እናት ልጇን «ሂድ፥ ጎመን ቀንጥበህ አምጣ» ብላ ስትልከው ግድ የሌለው ልጅ ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ ይመጣል። የዚያን ዕለት ወጥ ይሠራል፤ በማግስቱ ግን መደቡ ባዶ ነው። አስተዋይ ልጅ የታችኛውን የደረሰ ቅጠል ብቻ እየቀነጠበ ጫፉን ይተዋል፤ ያም ጎመን ለብዙ ጊዜ ሲያቀምስ ይኖራል።

ከደጁ አጠገብ ጤና አዳም፥ በሶብላ፥ ጠጅ ሳርና ዳማከሴ ይተከላሉ። ቅርብ የሚተከሉትም ባለቤቲቱ ድስት ጥዳ ሳለች ሩቅ እንዳትሄድ ነው። በሶብላ በጥላ ቢደርቅ ሽታው ይጠበቅለታል፤ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ግን ይጠፋበታል። ዳማከሴ ለምች የሚታሽ መሆኑን በየመንደሩ ያልሰማ የለም። ጤና አዳም አንዲት ቅርንጫፍ ቡና ውስጥ ብትነከር መልካም መዓዛ ትሰጣለች፤ ይሁን እንጂ አብዝቶ መጠጣቱ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽማ ልትርቀው ይገባታል፥ ፅንስ ያስወርዳልና። የጓሮ ቅጠል ስለ ሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት ስሕተት ነው።

ቡና የጓሮው ገንዘብ ነው። ለልብስ፥ ለግብር፥ ለትምህርት ቤት የሚከፈለው ከእርሱ ይገኛል። ዋጋው በተወደደ ዓመት እንሰቱን ነቅሎ ቦታውን ሁሉ ቡና ለማድረግ የሚመኝ ሰው አይጠፋም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ግን ቀድሞ በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ ይህም ገና ያልበሰለውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ ነው። እንዲህ ያለ በሽታ በመጣ ጊዜ፥ ወይም ዋጋው በወደቀ ጊዜ፥ ቡና ብቻ ያለው ሰው እህል የሚገዛበት ያጣል። እንሰት ያለው ግን ቢላዋውን ይዞ ወደ ጓሮው ይገባል።

ቢላዋውም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። እንሰትን የሚገድል አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ። መጀመሪያ የመካከሉ ቅጠል ይገረጣል፥ ይጠወልጋልም፤ ግንዱ ቢቆረጥ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። በመድኃኒት አይድንም። ሙዝንም ይይዛል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 በኡጋንዳ ሙዝ ላይ ተገኝቶ ብዙ ተክል አጥፍቷል። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከሚያሻግሩት ነገሮች ዋናው የመቁረጫ ስለት ነው። በመንደር ቢላዋ መዋዋስ የጉርብትና ወግ ስለ ሆነ በሽታው ከደግነት ጋር አብሮ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የታመመ እንሰት ያለው ሰው ለጎረቤቱ ሊናገር ይገባዋል። ብዙዎች ይህን ያፍራሉ፤ ሰው «ጓሮው ተረገመ» ይለኛል ብለው ይሸሽጋሉ፤ በመሸሸጋቸውም የአሥር ዓመት ድካም የሆነ የሰው ጓሮ ይጠፋል። የታመመው ተክል ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወጣና ከጤነኞቹ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል። ከብት ቅጠሉን እንዳይበላ፥ እየጎተተም እንዳይበትነው ይጠበቃል። በዚያ ስፍራ ወዲያው ሌላ እንሰት አይተከልም፤ ጎመን ወይም ባቄላ ይዘራበታል። ቢላዋውም ከእያንዳንዱ ተክል በኋላ ስለቱ እስኪግል ድረስ በእሳት ይያዛል፤ ከዚያም በረድ ሲል ወደሚቀጥለው እንሰት ይኬዳል።