ልጆችን ለፈተና ለምታዘጋጂ ወጣት መምህርት

ልጄ፣ ምሥራቅ ጎጃም አማኑኤል ከተማ ተመድበሽ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ልታስተምሪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ክልላዊ ፈተናው ሲቃረብ ጭንቀቱ ከልጆቹ አልፎ ወደ አንቺም ይጋባል። ከዕድሜዬና ከጠመኔው ያገኘሁትን ልንገርሽ።

1. የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ አትንኪባቸው። ፈተና ሲደርስ መጀመሪያ የሚታጠፈው እሱ ነው፤ «ሒሳብ ይከልሱበት» ይባላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቻርልስ ሂልማንና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች 20 ደቂቃ ተራምደው ሲፈተኑ፣ ቁጭ ብለው ከቆዩበት ቀን ይልቅ ልባቸው ተሰብስቦ፣ ንባባቸውም ተሻሽሎ ተገኝቷል። የተፈተኑት 20 ልጆች ብቻ ስለነበሩ ነገሩን አላጋንንልሽም። ግን 20 ደቂቃ እርምጃ ምን ያስከፍልሻል?

2. ከሩቅ የሚመጣውን ልጅ ለዪው። የከተማው ልጅ ከአልጋው ተነስቶ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የገጠሩ ደግሞ ዳገት ቁልቁለቱን ወጥቶ ወርዶ ነው የሚደርሰው። እሱን እንደገና አታስሩጪው፤ ውኃ ጠጥቶ ትንሽ ይረፍ። ከትምህርት በፊት ጀሪካን አዝላ ውኃ የቀዳችውን ልጅም አትርሻት።

3. እንቅስቃሴው ጨዋታ ይሁን እንጂ ቅጣት አይሁን። ያረፈደውን ሜዳ ዙር የምታስሮጪው ከሆነ፣ ሩጫን ከውርደት ጋር አቆራኝቶ ያድጋል። ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ፣ አባሮሽ ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ከመንገዱና ከጨዋታው ተደምሮ የሚሞላ ነው።

4. አተነፋፈስን አስተምሪያቸው። ልጅ ሲፈራ ልቡ ይመታል፣ እጁ ያልበዋል፣ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ይቀራል። እንዲህ በያቸው፦ ወገባችሁን አቅኑ፣ እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ፤ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። አምስት ጊዜ ይበቃል። ፍሬ ነገሩ ማውጣቱ ላይ ነው፤ ረዘም ብሎ ሲወጣ የልብ ምት ይረጋጋል። ትንፋሽ አፍኖ የመቆየት ፉክክር አትፍቀጂ፤ ያዞረው ልጅ ወዲያው ወደ ተለመደው አተነፋፈሱ ይመለስ።

5. ይህን የአተነፋፈስ ልምምድ ከፈተናው ወራት ቀድመሽ ጀምሪው። በፈተናው ጠዋት «በረዥሙ ተንፍሱ» ማለት የሰርግ ለት በርበሬ ቅንጠሳ ነው። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ አንድ ደቂቃ፣ በሙከራ ፈተናም ወረቀቱ ከመታደሉ በፊት ይለማመዱት። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ከ300 በላይ ልጆች በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እየመሩ በረዥሙ ሲያስተነፍሷቸው፣ ሰውነታቸው ሲረጋጋ ታይቷል። እኛም ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የአብነት ትምህርት የሚሰጥበት ደብረ ኤልያስ ሩቅሽ አይደለም፤ የቅኔው ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ከሰው ተለይቶ ገለል ይላል፣ የዜማው ተማሪ ትንፋሹን ለረዥሙ ዜማ ይቆጥባል፣ የአቋቋሙም መቋሚያውን ይዞ እያሸበሸበ ያጠናል። ገላና ትንፋሽ ከትምህርት ተለይተው አያውቁም።

6. ሌሊቱን አታስነጥቂያቸው። በፈተናው ዋዜማ እስከ ሌሊት የሚያፈጥ ልጅ ያጠናውን ጭምር ያደባልቃል። ወላጆችን ሰብስበሽ ንገሪ፦ በዚያ ሳምንት ከብቱንና ውኃውን ሌላ ሰው ያግዝ፣ ልጁ በጊዜ ይተኛ፣ ጠዋትም በሶም ሆነ ቆሎ ቀምሶ ይውጣ።

7. አዳራሹ ውስጥ የሚያደርገውን አስቀድሞ ይወቅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጭልም ቢልበት እርሳሱን ያስቀምጥ፣ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይተንፍስ፣ ወደሚያውቀው ይለፍ፣ ከዚያ ይመለስ።

8. ትንፋሽን ከጥናት አታስበልጪ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤታቸው ርቀው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ውጤት በፍርሃት ብቻ የሚያስረዳ ሰው ካለ አትመኝው፤ የመጽሐፍ፣ የመምህርና የዓመታት ጉድለት አለበት። በክልላችን በአማራ ደግሞ በተነሳው ግጭት ምክንያት ከትምህርት ገበታ ርቆ የከረመው ልጅ ብዙ ነው። ያልተማረውን ትንፋሽ አያመጣለትም፤ የተማረውን ግን ፍርሃት እንዳይቀማው ያግዘዋል።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ መጀመሪያ በደንብ አስተምሪያቸው፤ ቀጥለሽ ሜዳ አውጫቸው፤ ከዚያ አብረሻቸው ተንፍሺ። ልጆች የሚረጋጉት መምህራቸው ተረጋግታ ሲያዩ ነውና ከራስሽ ጀምሪ።