ሰዓት ሲያልቅ ማን ያሸንፋል?

በኢንተርኔት ቼዝ ሰዓቱ ያለቀበት ተጫዋች ይሸነፋል። ተጋጣሚው የቀረው ንጉሡ ብቻ ከሆነ ግን ጨዋታው በአቻ ያበቃል፤ ንጉሥ ብቻውን ማት ማድረግ አይችልምና። እዚህ ፓርክላንድስ በተማሪዎቻችን መካከል ኩርፊያ የሚያስነሳው ይኸው ሕግ ነው፤ «ሰዓቱ አልቆ እንዴት አላሸነፍኩም?» ይሉናል።

አባቶቻችን በሚጫወቱት ሰንጠረዥም ሠራዊቱን ሁሉ አጥቶ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም ነበር። በትልልቆቹ ጠጠሮች ከመርታት ይልቅ በወታደር መርታት ያስመሰግን ነበር። አሸናፊው የሚመዘነው በአረታቱም ጭምር ነበር ማለት ነው።

በሰዓት ማሸነፍ ነውር አይደለም፤ ሰዓትም የጨዋታው አካል ነው። አቻ ጠይቆ እንቢ የተባለ ልጅ ግን ተጋጣሚው በሚያስብበት ሰዓት ደጋግሞ ባይነዘንዘው እንወዳለን። ለክፍል ውድድር በየእርምጃው 2 ሰከንድ የሚጨመርበትን ሰዓት ምረጡ፤ ጭቅጭቁ ይቀንሳል።