መኝታ ቤት ውስጥ ስቲል ላይፍ መሣል

ስቱዲዮ የለኝም፣ ቀኑን መሥሪያ ቤት እውላለሁ፣ ስቲል ላይፍ (የተደረደሩ ዕቃዎች ሥዕል) መቼ ልሣል የሚል ሠዓሊ የጆርጆ ሞራንዲን (1890–1964 እ.ኤ.አ.) አሠራር ቢያጠና ይበጀዋል። ሞራንዲ ቦሎኛ በምትባለው የጣሊያን ከተማ ከሦስት እህቶቹ ጋር እየኖረ፣ የሚሥለው መኝታ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ጠባብ አልጋውና የሸራ ማቆሚያው ጎን ለጎን ነበሩ። በወጣትነቱ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥዕል አስተምሯል፤ ከ1930 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ደግሞ በከተማዋ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ኤቺንግ የሚባለውን የኅትመት ጥበብ አስተማረ። እንዲያም ሆኖ የዘይት ቀለም ሥዕሎቹ ከአንድ ሺህ ይበልጣሉ።

ዕቃ አላበዛም። ያንኑ ጠርሙስ፣ ያንኑ ቆርቆሮ፣ ያንኑ ማሰሮ ለዐሥርተ ዓመታት ደጋግሞ ሣለ። የጠርሙስ ብልጭታ ሲያስቸግረው ቀለም ይቀባዋል ወይም ውስጡን ቀለም ያፈስበታል። ይህን ዘዴ እኛም ቤት መሞከር ይቻላል፦ የቢራ ጠርሙስ በነጭ የግድግዳ ቀለም ሲቀባ ጥላው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በግልጽ ይታያል። ዕቃ ስትመርጡ ጀበናና ስኒን ለጊዜው ተዉአቸው። ገበያ እንዳላቸው አልክድም፤ ነገር ግን አብዛኛው ሠዓሊ የሚሥላቸው ከሌላ ሰው ሥዕል ላይ አይቶ ይመስለኛል። የዘይት ጀሪካን፣ ባዶ የወተት ቆርቆሮ ወይም የተሸረፈ ሳህን ዓይናችሁን የበለጠ ያሠራዋል።

ድርደራው ጊዜ ይፈጃል፣ ይፍጅ። ሞራንዲ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አንጥፎ የዕቃዎቹን ቦታ በእርሳስ ያሰምር ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ለሚሥል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጅ ቢነካካው፣ ቤት ሲጠረግ ቢነሣ፣ መልሶ እቦታው ማስቀመጥ ይቻላል። እግራችሁ የቆመበትንም ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ብርሃንን በተመለከተ መጻሕፍቱ ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልጉ ይላሉ። ምክሩ የአውሮፓ ነው። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለሆነች፣ በሰሜኑ መስኮት የሚገባው ብርሃን ብዙም አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምትሆነው በሰሜን በኩል ነው። ክረምቱን ደመናው ይሸፍንላችኋል፤ በሚያዝያና በግንቦት ግን መስኮቱ ላይ ነጠላ ወይም ስስ ነጭ ጨርቅ መጋረድ ሊያስፈልግ ይችላል። ሌላው የብርሃን ጉዳይ ሰዓት መጠበቅ ነው። ከሥራ በፊት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት የምትሥሉ ከሆነ፣ ያንን ሥዕል እሑድ ከሰዓት በኋላ አትንኩት፤ ጥላው ዞሯልና። ለእሑድ ሌላ ድርደራና ሌላ ሸራ ይኑራችሁ። ማታ ለሚሥል ደግሞ ነጭ አምፖል ይሻላል፤ በቢጫ አምፖል የተቀባ ቀለም በቀን ሲታይ ሌላ ነው።

ፍራፍሬ አይጠብቅም። ፈረንሳዊው ፖል ሴዛን ከዘገምተኝነቱ የተነሣ ፍሬው ስለሚበሰብስበትና አበባው ስለሚጠወልግበት የወረቀት አበባ እስከ መጠቀም ደርሶ ነበር። ፓፓያና ሙዝ ፈጣን እጅ ላለው ይሁኑ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅልና የደረቀ በቆሎ ግን ሳምንታት ይታገሣሉ።

ሙዚየም ርቆን ከየት እንማር ለሚሉም ሞራንዲ መልስ አለው። በወጣትነቱ ሴዛንን ያጠናው በመጻሕፍት ውስጥ በታተሙ ጥቁርና ነጭ ምስሎች ነው። የቀለሙ አለመኖር የድምቀትና የጥላን ልክ አጉልቶ ያሳያል። ስልካችሁን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩና ድርደራችሁንም ሸራችሁንም አንሡ፤ ሁለቱ ፎቶዎች ካልተመሳሰሉ ችግሩ ከቀለሙ ምርጫ ይልቅ ከድምቀቱ ነው፣ እሱን አስቀድሙ።

ሥዕሉ ሲያልቅ ዕቃውን ለማንሣት አትቸኩሉ። አንዱን ጠርሙስ ጥቂት ጣት ያህል ወደ ጎን ገፋ አድርጉና አዲስ ሸራ አቁሙ፤ ብርሃኑም ዕቃውም ስለተጠና ሁለተኛው ሥዕል ባብዛኛው ከመጀመሪያው ፈጥኖ ይሠራል።