ልጅዎ ቂርያት ጋት ውስጥ ሥራ ሲጀምር

ልጆቻችን ዕብራይስጡን ራሳቸው ያነባሉ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእናትና ለአባት ነው። ቂርያት ጋት ውስጥ ለወጣት የሚሆን ሥራ አይጠፋም፤ ሱፐርማርኬት ዕቃ መደርደር፣ ፈላፈል ቤት ማገልገል፣ በበጋ ዕረፍት ቃይታና ላይ መርዳት፣ የጎረቤት ሕፃን መጠበቅ፣ በላኪሽ ሞሻቮች ወይን መልቀም አለ። ልጆቻችን የሚጎዱት ከተቀጠሩ በኋላ ነው። ታላቅን ቀና ብሎ እንዳያይ፣ «የሠራሁበትን ስጠኝ» ማለትን እንዲያፍር ያሳደግነው ልጅ አለቃው ፊት ዝም ይላል። ጨዋነቱን አይተው። አፉ የማይናገረውን ግን ጽሑፍ እንዲናገርለት ያድርጉ።

መጀመሪያ ዕድሜውን ይመልከቱ። በእስራኤል የወጣቶች ሥራ ሕግ (1953) መሠረት መደበኛ ሥራ የሚፈቀደው ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። 14 ዓመት የሞላው ልጅ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ብቻ ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል። «እኛ በዚህ ዕድሜ ጎንደር ከብት እንጠብቅ ነበር» የሚል አያት በየቤቱ አለ፤ እውነቱን ነው፣ እዚህ ግን ተቆጣጣሪው ይህን አይሰማም። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ምግብ ማድረስ የሚመኝ ካለ ብስክሌቱን ለመንዳት 16 ዓመት መሙላት እንዳለበት አስቀድመው ይንገሩት።

ቀጥሎ ወረቀቶቹን ያዘጋጁ። ከኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪም ለሥራ ብቁ ነው የሚል ማረጋገጫ ያስፈልጋል። የራሱ ተዑዳት ዜሁት ከሌለው የእርስዎ ከነሴፌሁ (ከነአባሪው) ኮፒ ይደረጋል። ደመወዙ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብም አስቀድመው ያስቡበት። ደመወዝ በእጅ፣ ያለ ወረቀት እንሰጣለን የሚል ቦታ ከሆነ ሌላ ይፈልግ፤ እኔ ልጄን አልልክም።

ከመጀመሪያው ቀን በፊት አራት ነገር ተጠይቆ ይጻፍ፦ በሰዓት ስንት፣ በየትኞቹ ቀናት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ መጓጓዣ ይከፈላል ወይ። አሠሪው የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ለወጣት ሠራተኛ በ7 ቀን ውስጥ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ዛሬ ለሙከራ ና፣ እናይሃለን» ከተባለ የሙከራው ሰዓትም ሥራ ነው፣ ይከፈልበታል። እዚያው ፎርም 101 የተባለው የግብር ቅጽ ይሞላል። ሁለት ቦታ የሚሠራ ልጅ ሁለተኛውን ሥራ ሳይደብቅ መጻፍና ግብሩን በግብር ቢሮ ማስተካከል አለበት፤ አለበለዚያ ከሁለተኛው ደመወዝ ላይ ብዙ ይቆረጣል።

ገንዘቡን አብራችሁ አስሉት። የወጣት ዝቅተኛ ደመወዝ ከአዋቂው ላይ በመቶኛ ይሰላል፤ ከ16 በታች 70፣ ከ16 እስከ 17 ዓመት 75፣ ከ17 እስከ 18 ዓመት 83 በመቶ። በኤፕሪል 2025 ተመን ይህ በሰዓት 25.28፣ 27.09 እና 29.97 ሸቀል ነበር። ተመኑ ብዙውን ጊዜ በኤፕሪል ስለሚሻሻል የወቅቱን ያረጋግጡ። በዚያ ተመን 16 ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ብትሠራ በአራት ሳምንት 1,300 ሸቀል ገደማ ታገኛለች። ዕድሜዋ ከ18 በታች ስለሆነ ለቢቱዋሕ ሌኡሚና ለጤና ከደመወዟ አይቆረጥም። ሳህን ተሰበረ፣ ካዝና ጎደለ ተብሎ መቀነስም አይፈቀድም።

ሰዓቱ ላይ ጠንከር ይበሉ። በቀን እስከ 8፣ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ለወጣት ጨርሶ የተከለከለ ነው። ከ16 በታች የሆነ ከ20:00 እስከ 08:00፣ ከ16 እስከ 18 ያለ ደግሞ ከ22:00 እስከ 06:00 አይሠራም፤ በበጋ ዕረፍት ሕጉ ለትልልቆቹ ጥቂት ላላ ይላል። የሠርግ አዳራሽ ሥራ የሚያባብለው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ደህና ነው፣ ድግሱ ግን እኩለ ሌሊት ያልፋል፣ በማግስቱም የባግሩት ፈተና ሊኖር ይችላል። ሰንበትን ማክበር ለእኛ ቤት የእምነት ጉዳይ ነው፤ ለአይሁዳዊ ወጣት ሠራተኛ ደግሞ ሕጉም ራሱ በሰንበት ማሠራትን ይከለክላል። ከ6 ሰዓት በላይ ከተሠራ የ45 ደቂቃ ዕረፍት አለ።

አሁን ወደ ጽሑፉ። በየፈረቃው መጨረሻ ልጁ ለአለቃው አጭር የዎትሳፕ መልእክት ይላክ፦ «ሰላም፣ ዛሬ ከ16:00 እስከ 20:00 ሠርቻለሁ። ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?» ማንንም አያስቀይምም፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን ተመዝግቦ ይቀራል። ደመወዙና ትሉሹ (የደመወዝ ወረቀቱ) እስከ ቀጣዩ ወር 9ኛ ቀን መድረስ አለባቸው። ያን ዕለት ትሉሹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ ከመልእክቶቹ ጋር አስተያዩ። ልጁ እየተረጎመ ያንብብልዎ፤ እርስዎ ዕብራይስጥ ባይሆንልዎ ቁጥር ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ካልተስማማ መጀመሪያ ልጁ ራሱ በጽሑፍ ይጠይቅ። እርስዎ ሱቁ ድረስ ሄደው መጮህ ልጁን ያሸማቅቀዋል፣ ብዙም አይፈይድም። መልስ ከጠፋ ከ1924 ጀምሮ ወጣት ሠራተኞችን የሚያደራጀው ሃኖዓር ሃኦቬድ ቬሃሎሜድ አለ፤ የሥራ ሚኒስቴርም አቤቱታ ይቀበላል። በስልክ «ና» ተብሎ መልኩን ሲያዩ «ቦታው ተይዟል» ከተባለ ግን ጉዳዩ የአድልዎ ነው። በትውልድ ምክንያት አለመቅጠርን የ1988ቱ የእኩል የሥራ ዕድል ሕግ ይከለክላል፤ በ2000 የተቋቋመው «ጠበቃ» የተባለው የቤተ እስራኤላውያን የሕግ ድርጅትም በዚህ ይረዳል። ያልተከፈለ ደመወዝ እስከ 7 ዓመት ድረስ በሕግ ይጠየቃል፤ ትሉሾቹን አይጣሉ።

ልጁ ሥራውን ሲተው ድንገት መጥፋት የለበትም። በሰዓት የሚከፈለው በመጀመሪያው ዓመት ለሠራበት ለእያንዳንዱ ወር አንድ ቀን አስቀድሞ፣ በጽሑፍ ያሳውቃል። ሲወጣም ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቅ፤ አሠሪው የመስጠት ግዴታ አለበት፣ ለሚቀጥለው ሥራም ይጠቅመዋል።