የአምላክ አንድነትና በኒቅያ የተደረገው የክርስቲያኖች ክርክር

ሰማይንና ምድርን ያለ ረዳትና ያለ አማካሪ ለፈጠረ ለአላህ ምስጋና ይገባዋል። ወደ ሕዝቦች ሁሉ በተላኩት ነቢያት፥ በመጨረሻቸውም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ሰላትና ሰላም ይሁን።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ! ዕወቁ፤ የእምነታችን መሠረት ተውሒድ ነው፤ ይኸውም የአላህን አንድነት ማወቅና ለእርሱ ብቻ መገዛት ማለት ነው። ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋራ የምንለያይበትም ዋናው ነገር ሥላሴ ስለሚባለው ትምህርታቸው ነው። ነጋዴው በገበያ፥ ልጁ በትምህርት ቤት፥ እናት በጉርብትና ስለዚህ ነገር ይጠየቃሉ፤ እነርሱም ይጠይቃሉ። ብዙዎች ግን የጎረቤታቸውን ሃይማኖት ሳይመረምሩ ይመልሳሉ። ያላወቁትን ነገር መንቀፍ ዕቃውን ሳያዩ ዋጋ እንደ መቍረጥ ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አስቀድመን ክርስቲያኖች የሚሉትን እነርሱ ራሳቸው እንደሚሉት እናስረዳለን፤ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው የተከራከሩትን እንተርካለን፤ በመጨረሻም ሙስሊም ከዚህ የሚማረውን እናመለክታለን። ዓመታቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ክፍል፤ ክርስቲያኖች የሚሉት

ክርስቲያኖች ሦስት አማልክት እናመልካለን አይሉም። በአንድ አምላክ እናምናለን፤ ይህም አንድ አምላክ አብ፥ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ነው ይላሉ። የሐበሻ አገር ሊቃውንቶቻቸው ይህን ሲያስተምሩ፥ ሥላሴ በስም፥ በአካልና በግብር ሦስት ናቸው፤ በባሕርይ፥ በመለኮትና በሕልውና ግን አንድ ናቸው ይላሉ። ምሳሌም ሲሰጡ ፀሐይን ያነሣሉ፤ ፀሐይ ክበብ፥ ብርሃንና ሙቀት አላት፤ ነገር ግን አንዲት ፀሐይ እንጂ ሦስት ፀሐዮች አይደለችም ይላሉ።

እኛ ይህን ትምህርት አንቀበለውም፤ ምክንያቱንም በስፍራው እንናገራለን። ነገር ግን ጎረቤታችንን፥ አንተ ሦስት አማልክት አሉ ትላለህ ብንለው፥ እርሱ እንዲህ አላልሁም ይለናል፤ ንግግሩም በዚያው ይቆማል። ሰውን ባላለው ቃል መክሰስ የምስክርነት ጕድለት ነው። አላህ በቁርኣኑ በስፍርና በሚዛን የሚያጐድሉትን ብርቱ ዛቻ ዝቶባቸዋል። የሰው ቃልም ሚዛን አለው፤ ከእርሱም ማጕደል አይገባም።

ሁለተኛው ክፍል፤ የክርክሩ ታሪክ

በግብፅ አገር፥ በእስክንድርያ ከተማ አርዮስ የሚባል ቄስ ነበረ። በ318 ገደማ ከከተማው ጳጳስ ከእስክንድሮስ ጋራ ተከራከረ። የአርዮስ ነገር ይህ ነው፤ መጀመሪያ የሌለው፥ ከማንም ያልተገኘ አብ ብቻ ነው፤ ወልድ ግን ከፍጥረት ሁሉ የቀደመና የከበረ ቢሆንም እርሱም መጀመሪያ ያለው ፍጡር ነው ይል ነበር። ማስረጃም ከመጽሐፎቻቸው ያመጣ ነበር፤ በዮሐንስ ወንጌል ኢየሱስ አብ ከእርሱ እንደሚበልጥ የተናገረበትን ስፍራ፥ በምሳሌ መጽሐፍም ስለ ጥበብ መፈጠር የተጻፈውን ይጠቅስ ነበር።

እስክንድሮስና ዲያቆኑ አትናቴዎስ ደግሞ በዚያው በዮሐንስ ወንጌል መግቢያ ስለ ቃል አምላክነት የተጻፈውን ይጠቅሱ ነበር። አትናቴዎስ በኋላ በጻፋቸው መጽሐፎች፥ ወልድ ፍጡር ከሆነ ለእርሱ መስገድ ለፍጡር መስገድ ይሆናል፤ ይህም የጣዖት አምላኪዎች ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። አንባቢ ሆይ፤ ይህን ቃል ልብ አድርገህ ያዘው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

ነገሩ ከእስክንድርያ ወጥቶ ወደ ሶርያና ወደ ታናሽ እስያ ተዛመተ። በ324 ተቀናቃኙን አሸንፎ የሮም መንግሥት ብቸኛ ጌታ የሆነው ንጉሠ ነገሥት ቈስጠንጢኖስ የጳጳሳቱ ጠብ መንግሥቱን እንዳይከፍልበት ሠጋ። ስለዚህ በ325 በኒቅያ ጉባኤ ሰበሰበ፤ ኒቅያ ዛሬ በቱርክ አገር ኢዝኒቅ የምትባለው ከተማ ናት። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጳጳሳቱ 318 ነበሩ ይላል፤ የሐበሻ ክርስቲያኖችም ሠለስቱ ምእት ብለው ይጠሯቸዋል። ጉባኤው ወልድ ከአብ ጋራ በባሕርይ አንድ ነው ብሎ ወሰነ። ለዚህም በግሪክ ቋንቋ ሆሞኡስዮስ የሚለውን ቃል በሃይማኖት ጸሎታቸው ውስጥ አገቡ። ቃሉ በወንጌል የማይገኝ በመሆኑ፥ አርዮስን ያልተከተሉ ጳጳሳት እንኳ ያመነቱበት ነበሩ። አርዮስና ከእርሱ ጋራ የጸኑ ሁለት ጳጳሳት ወደ ግዞት ተላኩ።

ክርክሩ ግን በኒቅያ አልተፈጸመም። ቈስጠንጢኖስ ራሱ በ337 ሊሞት ሲል የተጠመቀው የአርዮስ ደጋፊ በነበረው በኒቆሜድያው ጳጳስ በአውሳብዮስ እጅ ነው። ልጁ ቈስጠንጢዮስም የኒቅያን ቃል ለሚቃወሙት ያደላ ነበር። በ328 የእስክንድርያ ጳጳስ የሆነው አትናቴዎስ አምስት ጊዜ ከመንበሩ ተሰደደ፤ በስደት ያሳለፈው ዘመን ቢደመር 17 ዓመት ያህል ይሆናል። አንዱ ንጉሥ ያባረረውን ሌላው ይመልሰው ነበር።

ይህ ጠብ እስከ ሐበሻ አገር ደርሷል። አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን የአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾሞት ነበር። በ356 ገደማ ቈስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዥዎች ለኤዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፥ ፍሬምናጦስ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ፥ በአትናቴዎስ ስፍራ ወደ ተሾመው ወደ ጊዮርጊስ እንዲላክ ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ በመጽሐፉ ውስጥ ስላኖረው እስከ ዛሬ ይነበባል። የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ ትምህርት ጸንታ ኖረች።

በ380 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ሕዝቡ ሁሉ የኒቅያን ሃይማኖት እንዲይዝ ዐዋጅ አወጣ። በ381 ደግሞ በቍስጥንጥንያ 150 ጳጳሳት ተሰብስበው ኒቅያን አጸኑ፤ ስለ መንፈስ ቅዱስም ሰፋ አድርገው መሰከሩ። የዚያ ዘመን ሊቅ የኒሳው ጎርጎርዮስ እንደ ጻፈው፥ በቍስጥንጥንያ ገበያ ገንዘብ መንዛሪውን ስለ ምንዛሪ፥ ዳቦ ሻጩን ስለ ዋጋ የጠየቀ ሰው፥ የሚመለስለት ስለ አብና ስለ ወልድ ነበር። ይህን የጻፈው በማድነቅ ሳይሆን በማዘን ነው። የአምላክ ነገር በገበያ የጠብ መሣሪያ ሲሆን ፍርሃትና አክብሮት ከልብ ይጠፋሉና።

ከዚህም በኋላ ጥያቄው አልሞተም። በእስፓኝ የነበሩት የጎት ነገሥታት የአርዮስን ትምህርት ትተው የኒቅያን በይፋ የተቀበሉት በ589 ነው። በ1553 ሚካኤል ሰርቬቶስ የተባለ የእስፓኝ ሐኪም ሥላሴን በመካዱ በጄኔቫ ከተማ በእሳት ተቃጠለ። በእንግሊዝ አገር ሥላሴን የሚክዱ ክርስቲያኖች ከሕግ ቅጣት ነጻ የወጡት ገና በ1813 ነው።

ሦስተኛው ክፍል፤ ከዚህ የምንማረው

አንደኛ፤ ታሪኩን በትክክል እንመዝን። ከእኛ ወገን አንዳንዶች ሥላሴን የፈጠረው ቈስጠንጢኖስ ነው ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም፤ የአንጾኪያው ቴዎፍሎስ በ180 ገደማ፥ የቅርጣግናው ተርቱልያኖስም በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ስለ ሦስትነት ጽፈዋልና። ሌሎች ወንጌሎች የተመረጡት በኒቅያ ነው ይላሉ፤ ጉባኤው ግን ይህን አልወሰነም። ደግሞም አርዮስ ሙስሊም ነበር የሚሉ አሉ። አርዮስ ወልድን ፍጡር ቢለውም ዓለም በእርሱ ተፈጠረ ይል፥ አምላክ እያለም ያከብረው ነበር፤ ይህ ተውሒድ አይደለም። እውነት የሐሰት ድጋፍ አትሻም፤ በሐሰት የተደገፈች እንደ ሆነ ሐሰቱ ሲገለጥ እርስዋም ትጠረጠራለች።

ሁለተኛ፤ የንጉሥ ሰይፍ የሃይማኖትን ጥያቄ አይፈታም። ኒቅያን ያጸናውም የነቀፈውም የቤተ መንግሥት እጅ ነበር። በዚህ ግን እንዳንታበይ የራሳችንን ታሪክ እናስብ። በ833 ኸሊፋው አል-መእሙን ቁርኣን ፍጡር ነው የሚለውን ቃል ሊቃውንቱ በግድ እንዲቀበሉ አዘዘ። ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበል አልቀበልም በማለታቸው ታሰሩ፤ በአል-ሙዕተሲም ዘመንም ተገረፉ። ከዓመታት በኋላ ኸሊፋው አል-ሙተወኪል ያንን ግዳጅ አስቀረ። ግርፋቱ የኢማሙን ልብ አልለወጠም፤ የገራፊዎቹንም ማስረጃ አላበረታም።

ሦስተኛ፤ የሁለቱን ወገኖች ቃል አቅርበን እንመልከት። አርዮስ መጀመሪያ ያለው ከዘለዓለማዊው ጋራ እኩል ሊሆን አይችልም አለ። አትናቴዎስ ደግሞ ለፍጡር መስገድ አይገባም አለ። ሙስሊም እነዚህን ሁለት ቃሎች ይቀበላል። ከማሕፀን የተወለደ፥ የበላና የተኛ፥ ወደ ጌታውም የጸለየ ሰው መጀመሪያ አለው፤ መጀመሪያ ያለው ፍጡር ነው፤ ለፍጡርም አይሰገድም። ክርስቲያኖች በዚህ ላይ፥ የወልድ ከአብ መወለድ ከጊዜ ውጭ ነው፤ የበላውና የተኛው በነሣው ሥጋ ነው ብለው ይመልሳሉ። መልሳቸውን ሰምተናል፤ ነገር ግን በመጽሐፎቻቸው ራሱ፥ ከትእዛዛት ሁሉ ፊተኛው የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ ኢየሱስ ከሁሉ አስቀድሞ ለእስራኤል የተነገረውን የአምላክ አንድነት እንደ መለሰ በማርቆስ ወንጌል ተጽፏል። ገበሬውና እረኛው፥ ሕፃኑና አሮጊቷ የሚረዱት ቃል ይህ ነው፤ ስለ ባሕርይና ስለ አካል የተነሣው ክርክር ግን ሊቃውንቱን እንኳ ለብዙ ዘመን ከፍሏቸዋል።

አላህም በሱረቱል ኢኽላስ አንድ መሆኑን፥ ሁሉ ወደ እርሱ የሚጠጋ መሆኑን፥ መውለድና መወለድ ለእርሱ የማይገቡ መሆናቸውን፥ አቻም እንደሌለው አስተምሮናል። ነቢዩ ዒሳን ግን አናቃልልም፤ ከድንግል መርየም ያለ አባት የተወለዱ የአላህ መልእክተኛ መሆናቸውን እናምናለን። የእናታቸውም ስም የአንድ ሱራ መጠሪያ ሆኗል።

አራተኛው ክፍል፤ የክርክር ሥርዓት

የሲራ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ እንደ ተረከው፥ የነጅራን ክርስቲያኖች 60 ያህል ሆነው ወደ መዲና መጡ። የጸሎታቸው ሰዓት በደረሰ ጊዜ በነቢዩ መስጊድ ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞረው ጸለዩ፤ ነቢዩም ተዉአቸው አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ዒሳ ተከራከሩ፤ አልተስማሙም። ነገር ግን በሰላም ውል ተለያዩ፤ ክርስቲያኖቹም ሃይማኖታቸውን እንደ ያዙ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ781 ገደማም ኸሊፋው አል-መህዲ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያንን ፓትርያርክ ጢሞቴዎስን በባግዳድ ለሁለት ቀን ስለ ሥላሴ ጠየቁት፤ እርሱም ያንን የፀሐይ ምሳሌ አቀረበ። ኸሊፋው አልተቀበሉትም፤ ነገር ግን ፓትርያርኩ ተናግሮ በክብር ተመለሰ። ከዚህም በፊት በ615 ገደማ፥ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በሐበሻው ንጉሥ በነጃሺ ፊት ቆመው ስለ መርየምና ስለ ዒሳ የወረደውን ባነበቡ ጊዜ፥ ክርስቲያኑ ንጉሥ በእርጋታ አዳምጠው ስደተኞቹን ለጠላት አሳልፈው አልሰጡም።

ስለዚህ፥ ወንድሞች ሆይ፤ ይህን ያዙ። ክርስቲያን ጎረቤት ቢጠይቅህ በመልካም ቃል መልስ፤ የማታውቀውን ዐውቃለሁ አትበል። የሚያከብረውን አትስደብ፤ አላህ ሌሎች የሚጠሯቸውን እንዳንሰድብ ከልክሎናልና፤ ስድብ ስድብን ይወልዳል። በሱቅህ ውስጥ ደንበኛን በሃይማኖት ክርክር አትያዝ፤ ሊገዛ የመጣ ሰው ለሙግት አልመጣም። ልጅህ ከትምህርት ቤት ጥያቄ ይዞ ቢመጣ አትቈጣው፤ ቁጭ አድርገህ አስተምረው፤ የማትችለውንም ወደ ዓሊም ይዘኸው ሂድ። የተቈጡት ልጅ ጥያቄውን አይተውም፤ ከአባቱ ይሰውረዋል እንጂ።

ከሁሉም በላይ የአላህን አንድነት በሥራህ አስመስክር። አንድ ጌታ ብቻ እንዳለው የሚያምን ነጋዴ፥ ማንም በማያይበት ሰዓት ሚዛኑን አያጐድልም፤ ለገንዘብም እንደ ጌታ አይገዛም። በአፉ አንድ አምላክ እያለ በልቡ ለትርፍ የሚሰግድ ሰው፥ ስለ ሌሎች ሽርክ ከመናገሩ በፊት የራሱን ይመርምር። የኒቅያን ታሪክ የማያውቅ ጎረቤትህ የአንተን ሚዛን ያውቃል፤ ስለ እምነትህም ከንግግርህ ይልቅ ከእርሱ ይማራል።

አላህ እውነትን እውነት አድርጎ ያሳየን፤ እንድንከተለውም ይርዳን። ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ ያሳየን፤ እንድንርቀውም ኃይል ይስጠን። ልባችንን በተውሒድ፥ አንደበታችንን በፍትሕ፥ ቤታችንንም በሰላም ያጽናልን። አሚን።