ሌላውን የምታስታምም ነርስ፣ ራሷስ መቼ ትመርመር?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ43 ዓመት ነርስ ነኝ። ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ሽፍት እሠራለሁ። ማሞግራም (የጡት ራጅ) ተነሥቼ አላውቅም። በዘራችን የጡት ካንሰር የለም፤ ጡቴን ስዳስሰውም እብጠት የለውም። ታዲያ ምርመራው ያስፈልገኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ያስፈልግዎታል። የጡት ካንሰር ከሚገኝባቸው ሴቶች አብዛኞቹ በቤተሰባቸው ይህ በሽታ የለም። እጅ የሚያገኘው ደግሞ አድጎ የሚዳሰሰውን ነው፤ ማሞግራም ግን ከዚያ በፊት ሊያየው ይችላል። በአሜሪካ የመከላከል ሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የባለሙያዎች ቡድን ምርመራው ከ40 እስከ 74 ዓመት በየሁለት ዓመቱ እንዲደረግ እ.ኤ.አ. በ2024 መክሯል። እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ቀደም ብላ ሐኪም ታማክር።

ሳይመረመሩ መቆየት የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። በኢትዮጵያ በሴት የጤና ባለሙያዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ዕውቀቱ እያለ መመርመሩ ወደ ኋላ እንደሚቀር ያሳያሉ።

ጥያቄ፦ የሌሊት ሥራ ካንሰር ያመጣል የሚባለውስ?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ፈረቃን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚላቸው ነገሮች ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 መድቦታል፤ በ2019ም ምደባውን አጽንቷል። በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን ውሱን ነው። ስለዚህ ሥራዎን አይልቀቁ፤ ምርመራዎን ግን አያዘግዩ።

ጥያቄ፦ ያማል? ክፍያውስ?

መልስ፦ ጡትዎ በመሣሪያው ሁለት ሰሌዳዎች መካከል ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል፤ ቢያምም ወዲያው ያልፋል። በዕለቱ ዲዮደራንት አይቀቡ፤ በውስጡ ያለው አልሙኒየም ፎቶው ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል። ከሽፍት በቀጥታ የሚሄዱ ከሆነ ብብትዎን ታጥበው ይግቡ።

ከ100 ሴቶች 10 ያህሉ ለተጨማሪ ምርመራ ይጠራሉ፤ አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ቢደወልልዎ አይደንግጡ፤ ግን አይቅሩ።

ከ40 ዓመት በላይ ለሆነች ሴት አብዛኞቹ ኢንሹራንሶች መደበኛውን ማሞግራም ያለ ክፍያ ይሸፍናሉ። ኢንሹራንስ የሌላቸው ባልደረቦችዎ የኔቫዳን ዊመንስ ሄልዝ ኮኔክሽን ፕሮግራም ይጠይቁ። ማሞቫን የተባለ የኔቫዳ ሄልዝ ሴንተርስ ተንቀሳቃሽ የማሞግራም መኪናም አለ።

እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም ከጡት ጫፍ ደም ካዩ ግን የማሞግራም ተራ አይጠብቁ፤ ያለፈው ውጤት ደህና ቢሆንም እንኳ ሐኪም ጋር ይሂዱ። ለአሁኑ ግን በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንዎ ደውለው ቀጠሮ ይያዙ፤ አንዷን ባልደረባዎንም ይዘው ይሂዱ።