አንድሮይድ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

በአንድሮይድ የሚሠራ ትንሽ ላፕቶፕ ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም ላፕቶፕ ነው፤ ውስጡ ግን የስልክ ነው። ፕሮሰሰሩ ለሞባይል የተሠራ በመሆኑ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፤ ብዙውን ጊዜ ማራገቢያም ስለሌለው ድምፅ አያሰማም። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉድለቱ የሚመጣው ከሶፍትዌሩ ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ኤሲ100 ክብደቱ ከአንድ ኪሎ በታች ነበር፤ ሆኖም በጣት ለመንካት የተሰናዳው አንድሮይድ 2.1 ንክኪ በማይቀበል ስክሪን ላይ ተጭኖ ስለቀረበ አጠቃቀሙ አስቸጋሪ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድሮይድ ብዙ ተሻሽሏል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 7.0 ጀምሮ ሁለት መተግበሪያዎችን ጎን ለጎን ያሠራል። የዛሬው አንድሮይድ ላፕቶፕ ይጠቅም አይጠቅም የሚወስነው እንግዲህ የገዢው ሥራ ነው፤ ይህም ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በሚከተለው ቅደም ተከተል ሊታወቅ ይችላል።

1. ሥራን መዘርዘር

በወረቀት ላይ በአንድ በኩል ሥራው፣ በሌላው በኩል ሥራው የሚከናወንበት ፕሮግራም ይጻፋል። ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ ቪዲዮ፣ ፒዲኤፍ ማንበብና አጫጭር ጽሑፍ በአንድሮይድ ያለ ችግር ይሠራሉ። ፒችትሪ፣ ኤስፒኤስኤስ ወይም ፓወር ግዕዝ ግን ለኮምፒውተር የተሠሩ ስለሆኑ አይጫኑም። ኤክሴል በአንድሮይድ ቢኖርም ማክሮ አያሠራም። ከእነዚህ አንዱ በየቀኑ የሚያስፈልግ ከሆነ ፍተሻው እዚህ ላይ ያበቃል፤ የሚሻለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ነው።

2. በእጅ ባለው ስልክ መሞከር

አንድሮይድ ላፕቶፕ የሚሰጠውን አገልግሎት አብዛኛውን በራስ ስልክ መቅመስ ይቻላል። በኦቲጂ ገመድ ኪቦርድና ማውዝ ከስልኩ ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ይጻፋል፤ ከኢንተርኔት አንድ አንቀጽ ኮፒ ተደርጎ ጽሑፉ ውስጥ ይገባል፤ በአልትና በታብ ከአንዱ መተግበሪያ ወደ ሌላው ይኬዳል። የስክሪኑን ማነስ ትቶ፣ ሥራው በዚህ መንገድ ከተሳካ በላፕቶፑም ይሳካል። እዚህ ያስቸገረ ነገር እዚያም ማስቸገሩ አይቀርም።

3. የአማርኛ ጽሑፍን መፈተሽ

ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። ጂቦርድ በስክሪኑ ላይ የአማርኛ ፊደል ያቀርባል፤ እውነተኛው ኪቦርድ ሲነካ ግን የሚወጣው የእንግሊዝኛ ፊደል ሊሆን ይችላል። ኪማን የተባለው ነጻ መተግበሪያ ለአንድሮይድም የአማርኛ ኪቦርድ አለው። እሱ ተጭኖ «ቋንቋ»፣ «ጧት»፣ «ኋላ» የሚሉት ቃላት፣ እንዲሁም «፣»፣ «፤» እና «።» በትክክል መውጣታቸው በላፕቶፑ በራሱ ኪቦርድ ይፈተናል። በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ካለም ይከፈታል። ፊደሉ በዩኒኮድ ስላልተጻፈ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል፤ እንዲህ ዓይነት ሰነድ የሚበዛበት ሰው አስቀድሞ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ይኖርበታል።

4. ዕቃውን ሱቅ ውስጥ መመርመር

ሴቲንግ ውስጥ ስለ መሣሪያው በሚገልጸው ክፍል የአንድሮይዱ ቁጥርና የመጨረሻው የደህንነት ማሻሻያ ቀን ይነበባል። ማሻሻያው ከቆመ ዓመታት ያለፉት ዕቃ ለባንክ ሥራ አይታመንም። ራሙ ከ4 ጊጋባይት ባያንስ ይመረጣል። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶር ተከፍቶ፣ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ዕቃው በፕሌይ ፕሮቴክት የተረጋገጠ መሆኑ ይታያል፤ ባልተረጋገጠ ዕቃ ላይ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች አይሠሩም።

የስክሪኑ ስፋትም ከወጪ ጋር ይያያዛል። የማይክሮሶፍት ዎርድና ኤክሴል ስክሪኑ ከ10.1 ኢንች በማይበልጥ ዕቃ ላይ መሠረታዊ ሥራን በነጻ ያሠራሉ፤ ከዚያ ከሰፋ ሰነድ ለማረም ክፍያ ይጠይቃሉ።

5. ተጓዳኝ ዕቃዎችን ማገናኘት

ፍላሽና ሃርድ ዲስክ ይሰካሉ፤ በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ዲስክ ብዙ የአንድሮይድ ዕቃዎች ላይ አይነበብም። በዋይፋይ የሚሠራ ፕሪንተር በአብዛኛው ይታዘዛል፤ በገመድ ብቻ የሚሠራ ግን አስተማማኝ አይደለም። በፕሮጀክተር የሚያስተምር ሰው ምስሉ መውጣቱን እዚያው ያያል።

6. ዋጋን አነጻጽሮ መወሰን

በመጨረሻ ዋጋው በተመሳሳይ ገንዘብ ከሚገኝ ያገለገለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ጋር ይነጻጸራል። ያገለገለው ብዙ ፕሮግራም ይቀበላል፤ ባትሪው ግን ደክሞ ሊሆን ይችላል። ሥራው ማንበብ፣ መልእክት መላላክና ቀላል ጽሑፍ ለሆነ ተማሪ ወይም ተጓዥ፣ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ያለፈ አንድሮይድ ላፕቶፕ ጥሩ ግዢ ነው። ለሒሳብ ሠራተኛ፣ ለጸሐፊና ለተመራማሪ ግን ሁለተኛ ዕቃ ቢሆን እንጂ ዋና መሣሪያ አይሆንም። ጥሩ ስልክ ያለው ሰውም በሁለተኛው ደረጃ የተጠቀመበት ኪቦርድ ብቻ በቂ ሆኖ ካገኘው ላፕቶፑን መግዛት አያስፈልገውም።